ዲያቆኑን ወደ ሌላ ደብር ብንሸኘውስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በቤተ እምነት አገልጋዮች በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትና ስለ ተጠያቂነት አጭር ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች ይህ አምድ ከለመደው በላይ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹንም የደብሮቻቸውንም ስም አውጥቻለሁ፤ ነገሩ ውስጥ ልጆች አሉበትና። ለአዲስ አንባቢያን፦ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ሙያዬ ጥብቅና ነው፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሕፃናት ጉዳይ በሚታይባቸው ችሎቶች ነው። በውጭ አገር የሆነውን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«በሜሪላንድ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናትን መዝሙር የሚያስጠና ዲያቆን አለን። አንዲት እናት፣ የ9 ዓመት ልጇ ‹ዲያቆን ከሌሎቹ ለይቶ እያስቀረ ይነካካኛል› እንዳለቻት ለአስተዳዳሪያችን ነገረች። ጉባኤው ሲሰበሰብ አብዛኛው ሰው ‹ለሕንፃው ብድር በምንሯሯጥበት ሰዓት ስማችን ይጠፋል፤ ለወላጆቿ ሽማግሌ ይላክ፣ እሱም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሌላ ስቴት ይሂድ› አለ። ሰውዬው የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ወደዚህ አገር የመጣውም በእኛ ደብዳቤ ነው። እሑድ ደግመን እንሰበሰባለን። ምን ልበል?»

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን በስልክ ተነጋግረናል። እዚህ የምጽፈው በሌሎች ደብሮች እንደ እርስዎ ጉባኤ ላይ ለሚቀመጡት ነው።

እሑድን አትጠብቁ። በሜሪላንድ ሕግ፣ አንድ ልጅ ጥቃት ደርሶበታል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው ለአካባቢው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ወይም ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሕጉ የሰበካ ጉባኤን ድምፅ አይጠይቅም። አስተዳዳሪው «ቆዩ» ቢሉም ግዴታው ከእርስዎ ትከሻ አይወርድም። ነገሩ እውነት ይሁን ሐሰት ማጣራትም የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ።

ስልኩ ከተደወለ በኋላ ዲያቆኑ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሕፃናት አገልግሎት ይነሣ። ይህ ፍርድ አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። ሽማግሌ ግን ወደ ወላጆቹ ቤት እንዳይሄድ አጥብቀው ይከራከሩ። ሽምግልናን እወዳለሁ፤ የርስት ጠብና የባልና ሚስት ኩርፊያ በሽማግሌ ሲፈታ እያየሁ ነው ያደግኩት። በሽምግልና የሚታረቁት ግን ሁለት አዋቂዎች ናቸው። እዚህ አንደኛዋ ወገን የ9 ዓመት ልጅ ናት። ጋቢ የለበሱ አረጋውያን፣ መስቀል የያዙ ካህን ሳሎኗ ገብተው «ስለ እመቤታችን ብለሽ» ሲሏት እናትዮዋ ምን አቅም አላት? እሺ ትላለች። እሺታዋም በማግሥቱ «ቤተሰቡ ይቅር ብሏል» ተብሎ ይነገራል።

ልጅቷን አስተዳዳሪው፣ ቀጥሎ ጸሐፊው፣ ቀጥሎ ገንዘብ ያዡ እየተፈራረቁ እንዳይጠይቋት። ይህን የምለው ካየሁት ነው። በአዲስ አበባ ልደታ፣ ለሕፃናት ምቹ በሆነው ችሎት፣ ልጆች ዳኛው ፊት አይቆሙም፤ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ተቀምጠው በካሜራ ይጠየቃሉ። አንድ ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ እንዲናገር ሲጠየቅ «የትኛውን ልንገርሽ? ለአያቴ የነገርኳትን ነው ወይስ ለሽማግሌዎቹ ያልኩትን?» አላት። ወደ ችሎት እስኪደርስ ዘመድ ጠይቆታል፣ ጎረቤት ጠይቆታል፣ የደብሩ ሰዎች ሰብስበው ጠይቀውታል፤ አንዱ ሲቆጣው ቀንሶ ተናግሯል፣ ሌላው ሲያባብለው ጨምሯል። የተከሳሹ ጠበቃ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ልዩነት ነው። ልጁ አልዋሸም። ትልልቆቹ ናቸው ቃሉን ያበላሹበት።

ስብሰባችሁም ቃለ ጉባኤ ይያዝለት። «ይህ በቃለ ጉባኤ አይግባ» የሚል ሰው ከተነሣ፣ እሱን በተለይ ጻፉት።

ወደ ሌላ ስቴት መሸኘት የተባለውን ቦስተን ለሠላሳ ዓመት ሞክራዋለች። ጆን ጌገን የሚባል የካቶሊክ ቄስ ነበር። ከደብር ወደ ደብር ተዘዋውሮ አገልግሏል፤ በሄደበት ሁሉ የተቸገሩ እናቶችን ይላመዳል፣ ልጆቹን አይስክሬም ይጋብዛል፣ ማታ መኝታቸው ድረስ ገብቶ ጸሎት ያደርስላቸዋል። እናቶቹ ቄስ ቤታቸው ስለገባ በረከት የገባ መስሏቸው ነበር። በ1982 የሰባት የተጠቁ ወንድ ልጆች ዘመድ የሆነች ሴት ለከተማዋ ካርዲናል ደብዳቤ ጻፈች። ቤተሰቡ ለቤተ ክርስቲያን ሲል ዝም እንዲል ተለምኖ ነበር፤ ሐኪም ድኗል ቢልም እሷ እንደማታምን ጻፈች። ምእመን ናት፣ ቤተ ክርስቲያኗን የምትወድ። ሰሚ አላገኘችም። በ1984 አዲሱ ካርዲናል በርናርድ ሎ ሰውዬውን ዌስተን ወደሚባል ከተማ መደቡት። ረዳት ጳጳሳቸው ሥጋታቸውን በጽሑፍ አቅርበው ነበር፤ እሱም ፋይል ውስጥ ገባ። ጌገን እዚያ እስከ 1993 ቆየ።

ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ ፍርድ ቤት ተከራክሮ የተዘጉትን ሰነዶች ካስከፈተ በኋላ፣ በጥር 2002 ታሪኩን ሲያወጣ ጌገንን የከሰሱት ከ130 በላይ ነበሩ። ካርዲናሉ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሥልጣን ወረዱ። በ2003 ሀገረ ስብከቱ ለ552 ሰዎች 85 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለዚያም ሲል የሊቀ ጳጳሱን መኖሪያ ጨምሮ ሰፊ መሬት ሸጠ። ስለ ሕንፃው ብድር ለሚጨነቁት የጉባኤ አባላት ይህን ይንገሩልኝ። ለእነሱም የሚቀርበው ምሳሌ እዚያው ሜሪላንድ አለ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሚያዝያ 2023 ባወጣው ሪፖርት በባልቲሞር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት 156 ጥቃት አድራሾችን ለይቷል፤ የተጎዱት ሕፃናት ከ600 በላይ ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የይርጋ ገደቡን ስላነሣ፣ በልጅነቱ የተጠቃ ሰው በማንኛውም ዕድሜው ተቋሙን በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሀገረ ስብከቱ የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ለፍርድ ቤት አመለከተ። ሕጉ ለካቶሊክ ብቻ የወጣ አይደለም። የእናንተንም ደብር ይመለከታል።

የእኛ የስደት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። ብዙዎቹ ለረጅም ዓመታት «ገለልተኛ» ሆነው የኖሩ፣ በቦርድ የሚተዳደሩ ናቸው። በ2018 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ቢታረቁም የአሠራሩ ልማድ አልተለወጠም። ከአንዱ ከተማ የተባረረ አገልጋይ ድምፁ ካማረ በወሩ ሌላ ከተማ ሲቀድስ ይገኛል። «ለምን ለቀቅህ?» ብሎ ወደ ቀድሞው ደብር የሚደውል የለም፤ ቢደውልም «በሰላም ነው የተለያየነው» ይባላል። ያ መልስ የሚሰጠው ሌላ ደብር ለሚገኝ ልጅ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

«ንጹሕ ቢሆንስ?» ብለው በስልክ ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ንጹሕ ከሆነ ነጻ ሊያወጣው የሚችለው ከደብሩ ውጭ ያለ መርማሪ ብቻ ነው። በሽማግሌ ተድበስብሶ የተሸኘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሐሜት ይኖራል። ደብዳቤ ጽፋችሁ ያመጣችሁት መሆኑም ኃላፊነታችሁን ያከብደዋል፤ ሰውዬውን ልጆቹ ፊት ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

«ይህ የካቶሊኮች ጉድ ነው። ቄሶቻቸው እንዳያገቡ ስለተከለከሉ የመጣ። የእኛ ካህናት ያገባሉ። መጽሔታችሁ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንን ከዚህ ጋር የሚያነሣት ለምንድን ነው? የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።» ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ቁጣዎ ከፍቅር እንደመጣ አይጠፋኝም። እኔም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው የተጠመቅኩት። ስለ ጋብቻ የሚሉት ግን አይጸናም።

ጆን ስማይዝ እንግሊዛዊ ጠበቃ ነበር፤ ካህን እንኳ አልነበረም። ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ በተከበሩ የክርስቲያን ወጣቶች ካምፖች ያገኛቸውን ልጆች ቤቱ እየወሰደ፣ «ከኃጢአት ማንጻት» እያለ ደም እስኪወርዳቸው በዘንግ ይገርፍ ነበር። በ1982 አንድ ቄስ ጉዳዩን መርምረው ጻፉ። ለፖሊስ አልተነገረም። ሰውዬው በ1984 የት ሄደ መሰለዎት? ዚምባብዌ። እዚያም የወንዶች ልጆች ካምፕ ከፈተ፣ እዚያም ገረፈ። በ1992 አንድ የ16 ዓመት ዚምባብዌያዊ ልጅ በካምፑ መዋኛ ሞቶ ተገኘ። ስማይዝ ቢከሰስም ክሱ ፈረሰ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ በ2018 ሳይፈረድበት ሞተ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ያስጠናችው ሪፖርት በኅዳር 2024 ሲወጣ፣ ነገሩን ከ2013 ጀምሮ ሰምተው በቂ እርምጃ ያልወሰዱት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። እንግሊዞቹ ስማቸውን ሲጠብቁ ዋጋውን የከፈሉት የአፍሪካ ልጆች ናቸው። «የፈረንጅ ጉድ» ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያመኝ ይኸኛው ታሪክ ነው።

ሌላም አለ። በሜልበርን የአንድ ጥብቅ የአይሁድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበረችው ማልካ ላይፈር የስምንት ልጆች እናት ናት። በ2008 ተማሪዎቿን በወሲብ አጥቅታለች የሚለው ክስ ሲሰማ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሌሊቱን የአውሮፕላን ትኬት ገዝተው ወደ እስራኤል አሻገሯት። ተመልሳ ለፍርድ እስክትቀርብ 13 ዓመት ፈጀ፤ በ2023 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባት። የአውስትራሊያ መንግሥት ከ2013 እስከ 2017 ያቆመው ኮሚሽን ከ8,000 በላይ ተጎጂዎችን ለየብቻ ሰምቷል፤ ካቶሊክ አለ፣ አንግሊካን አለ፣ የድነት ሠራዊት (ሳልቬሽን አርሚ) አለ። የይሖዋ ምስክሮች ከ1950 ጀምሮ 1,006 ተጠርጣሪዎችን በራሳቸው ፋይል መዝግበው አንዱንም ለፖሊስ አልጠቆሙም ነበር። በአሜሪካ የደቡብ ባፕቲስቶች ፓስተሮች ያገባሉ፤ በ2022 የወጣው ምርመራ መሪዎቻቸው የተጠርጣሪዎችን ዝርዝር ለዓመታት በምስጢር ይዘው እንደኖሩ አሳይቷል።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ሃይማኖታቸው አይደለም፣ ጋብቻም አይደለም። ልጅ ያለ ጠያቂ ለአንድ ትልቅ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው በእግዚአብሔር ስም ይናገራል፤ ነገሩ ሲሰማ ደግሞ መጀመሪያ የሚታሰበው የቤቱ ስም ነው። በአየርላንድ፣ የደብሊንን ሀገረ ስብከት የመረመረው ኮሚሽን በ2009 እንደጻፈው የቤተ ክርስቲያኒቱ አሳብ አራት ነገር ላይ ነበር፦ ምስጢር መጠበቅ፣ ቅሌትን ማስወገድ፣ ስምን ማስከበር፣ ንብረትን ማዳን። የልጆቹ ደኅንነት ከእነዚህ በታች ነበር። «የቤት ገመና» የሚለውን ቃልዎን ሳነብ ያ አንቀጽ ትዝ አለኝ።

መጽሐፋችንም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉት ሴቶች ጋር ይተኙ ነበር። ዔሊ ሰምቷል። ገሥጿቸዋልም። ግን ከአገልግሎቱ አላነሣቸውም። ፍርዱ በራሱም ቤት ላይ ወረደ፤ ምክንያቱም እያወቀ አልከለከላቸውም ይላል። ያ ፍርድ የተነገረው ደግሞ በማን አፍ ነው? በዚያው መቅደስ ውስጥ በሚያድር ልጅ፣ በሳሙኤል። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜ ስለ ሳሙኤል ታዛዥነት ነበር የሚሰበከው። ስለ ዔሊ ተጠያቂነት የሚሰብክ አባት ብሰማ ደስ ይለኛል።

«ቄስ ነኝ፣ በሰሜን ሸዋ አገለግላለሁ። የንስሐ ልጄ እንዲህ ያለ በደል በሕፃን ላይ ፈጽሜያለሁ ብሎ ቢናዘዝልኝ ምን አደርጋለሁ? ምስጢረ ንስሐን ብገልጥ ክህነቴን አጣለሁ፤ ዝም ብል ሕፃኑ ይጎዳል። ሌሊት ሌሊት ያስጨንቀኛል።»

ቀሲስ፣ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህን ለመመለስ ረጅሙን ጊዜ ወስጃለሁ። ሥርዓቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ በሕግ በኩል ያለውን ልንገርዎት።

በዓለም ላይ ክርክሩ አላበቃም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ከ2020 ጀምሮ ካህን በኑዛዜ የሰማውንም እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲያትል አካባቢ፣ በ2025 ተመሳሳይ ሕግ ወጥቶ የካቶሊክ ጳጳሳትም ኦርቶዶክሶችም በየበኩላቸው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት አገደው፣ በመጨረሻም ግዛቱ ኑዛዜን የሚመለከተውን ክፍል ላለማስፈጸም ተስማማ። ካህኑ ከኑዛዜ ውጭ የሰማውን ማሳወቁ ግን ግዴታ ሆኖ ጸንቷል። በእኛ አገር የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 443 የማሳወቅ ግዴታ የሚጥለው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ስለሆነ፣ ብዙዎቹን የሕፃናት ጥቃቶች አይነካም። ይህን የሕግ ክፍተት ብዬ እጠራዋለሁ፤ መምህራን፣ ሐኪሞችና የሃይማኖት አገልጋዮች ሕፃን ሲጠቃ የማሳወቅ ግልጽ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል።

ከኑዛዜው ሳይወጡ በእጅዎ ያለው ሥልጣን ግን ትንሽ አይደለም። ቀኖና የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ለእንዲህ ያለ ኃጢአት ቀኖናው ስግደትና ጾም ብቻ ሊሆን አይችልም። «ከሕፃናት ራቅ፣ አገልግሎቱን ተው፣ እጅህን ለሕግ ስጥ፣ እስከዚያ ሥጋ ወደሙ አትቀበልም» ማለት ይችላሉ። ንስሐው እውነተኛ ከሆነ ፍሬው ይኸው ነው። ሰውዬው ካህን ከሆነማ የሐዋርያት ቀኖና ራሱ በዝሙት የተያዘን ካህን ከክህነቱ ይሽራል። ይቅርታ ለነፍሱ ይሰጠዋል፤ መቅደሱና የልጆቹ ክፍል ግን አይመለሱለትም። ብዙ ደብር እነዚህን ሁለቱን ነው የሚያምታታው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ። አንድ ልጅ ወደ እርስዎ መጥቶ «እንዲህ አደረገኝ» ቢልዎ፣ ያ ኑዛዜ አይደለም። ልጁ ኃጢአት የለበትም። ንስሐ የሚገባበት ነገር የለም፤ ቀኖና የሚሰጠው ነገር የለም። የድረሱልኝ ጩኸት ነው፣ ምስጢረ ንስሐም አያስርዎትም። ልጁን ለሚያምኑት ወላጅ፣ ወላጁ ራሱ ከተጠረጠረ ደግሞ ለፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ያድርሱት። «ለማንም እንዳትናገር» ብለው ከሸኙት ግን፣ ያጠቃው ሰው ያለውንም ይኸንኑ ነው።

«የ27 ዓመት ሰው ነኝ። በ11 ዓመቴ ቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታ ሌሊት እየጠሩ ያደረጉብኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አቋርጬ ወደ ከተማ ጠፋሁ፤ ዛሬ ሾፌር ነኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። በቅርቡ ግን የአገሬ ልጅ ዛሬም እንደሚያስተምሩ ነገረኝ። መናገር ኃጢአት ይሆንብኛል? ማንስ ያምነኛል?»

ወንድሜ፣ እኔ አምኜሃለሁ።

ኃጢአት የለብህም፤ ያኔም አልነበረብህም። እስከ ዛሬ ዝም ማለትህም ድክመት አይደለም። የአውስትራሊያው ኮሚሽን ያነጋገራቸው ሰዎች ከተጎዱ በኋላ ለመናገር በአማካይ ወደ 24 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በፈረንሳይ፣ ዣን ማርክ ሶቬ የመሩት ኮሚሽን በ2021 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ከ1950 ወዲህ በካህናትና በመነኮሳት የተጠቁት ሕፃናት 216,000 ገደማ እንደሚሆኑ ገምቷል፤ ጥሪውን ሰምተው ከተናገሩት መካከል አያት የሆኑ ሰዎች ነበሩ። አንተ በ27 ዓመትህ ጻፍክልኝ።

አባቴ በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፣ ውሻ እያባረረው፣ ጎጆ ውስጥ እያደረ ነው የተማረው። ቅኔውን ዋሸራ ቆጠረ፤ ድጓውን ቤተልሔም አስመሰከረ። የአብነት ትምህርት ቤት ለእኔ የቤተሰቤ ታሪክ ነው፣ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። ግን አንድ የ8 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ከእናቱ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ፣ ምግቡም መኝታውም ዕውቀቱም በአንድ ሰው ፈቃድ ሥር ሲሆን፣ የሚጠይቅለት ሰው ሊኖር ይገባል። ወረዳ ቤተ ክህነቱ ለመምህሩ ደመወዝ መክፈል አለመክፈሉን ያውቃል፤ ልጆቹ ሌሊት የት እንደሚያድሩ ግን ማን ይጠይቃል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያሳድጓቸው ተቋማት ከጭካኔ ተጠብቀው የመኖር መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ የአብነት ጎጆውን አላስቀረም።

ወደ አንተ ጉዳይ ስመጣ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ከ13 ዓመት በታች ባለ ወንድ ልጅ ላይ ይህን የፈጸመ ሰው፣ አንቀጽ 631 እንደሚለው ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። እንዲህ ላለው ወንጀል የክስ ይርጋው 20 ዓመት ነው። አንተ ከ11 ዓመትህ የቆጠርከው 16 ዓመት ነው፤ ጊዜው አላለፈብህም፣ ግን እያለቀ ነው። ብቻህን ወደዚያ መንደር አትሂድ፣ ሰውዬውንም ለመጋፈጥ አትሞክር። መጀመሪያ የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍ፦ ዓመቱን፣ ክረምት ይሁን በጋ፣ አብረውህ የነበሩትን ተማሪዎች ስም። ከእነሱ መካከል አንተ የምታውቀውን የሚያውቅ ሊኖር ይችላል፤ ዐቃቤ ሕግ እንጂ አንተ አታነጋግራቸው፣ ቃላችሁን አስቀድማችሁ ተስማምታችሁበታል እንዳይባል። ከዚያ ጠበቃ ይዘህ ወደ ፖሊስ። በአዘጋጁ በኩል ብትደውልልኝ ያለ ክፍያ አብሬህ እሄዳለሁ፤ በሌሊት ለሚያስጨንቅህም የምታነጋግረው የሥነ ልቦና ባለሙያ እጠቁምሃለሁ።

ይቅር ብለህ ከሆነ ይቅርታህ የአንተ ነው፣ ማንም አይወስድብህም፤ ከመክሰስም አይከለክልህም። ዛሬ እዚያ ጎጆ ውስጥ ስለሚያድሩት ልጆች ግን አንተ ይቅር ልትል አትችልም።

«የ8 ዓመት ልጄ በየቅዳሜው ለትምህርተ ሃይማኖት ይሄዳል። መምህሩን አልጠረጠርኩም። ግን ጽሑፍሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሳላስፈራራው እንዴት ልጠይቀው?»

እኅቴ፣ ስትጠይቂው ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አይሁን፤ ስታለብሺው ወይም በመንገድ ስትሄዱ ይሁን። «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥክ? የተጫወታችሁት ምንድን ነው? ብቻህን ያስቀረህ ሰው ነበር?» ብለሽ ጀምሪ። የሰውነቱን ክፍሎች በስማቸው ይወቃቸው፤ ስም የሌለውን ነገር ልጅ ሊናገር አይችልም። «እናትህ የማታውቀው ምስጢር አይኖርህም፤ ቄስም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ አጎትህም ቢሆን ምስጢር ነው ካለህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በዪው። ካለሽም በኋላ አትቆጪው።

ቅዳሜ ስታደርሺው ክፍሉን እዪው። በሩ ይከፈታል? መስኮት አለው? ሁለተኛ አዋቂ አለ? እነዚህን መጠየቅ መምህሩን መጠርጠር አይደለም፤ ደግ መምህር በጥያቄሽ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ከነገረሽ የመጀመሪያ ቃሉን እንዳለ ጻፊው፣ ቀኑንና ሰዓቱንም። ደግመሽ ደጋግመሽ አትጠይቂው። ልብሱንም ገላውንም አትጠቢ። አዲስ አበባ ከሆንሽ በዚያው ቀን ወደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውሰጂው፤ ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም እዚያው በአንድ ቦታ አሉ። ወደ ደብሩ የምትደውዪው ከዚያ በኋላ ነው።